ይቅርታ፣ አሳልፉኝ

በ2000 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ወደ አሜሪካ ስሄድ፣ ቦሌ ላይ ሻንጣዬን የመዘነችው ልጅ ቀና ብላ «መስኮት ጋ ይሁንልሽ ኮሪደር ጋ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል፤ ሊሸኙኝ የመጡት ውጭ ቆመው ያለቅሳሉ። ጥያቄውን መልሶ መጠየቅ ማስቸገር መስሎ ታየኝና «የተገኘው ይሁን» አልኳት። የተገኘው መሃል ነበር። ያኔ የተሳፈርንበት ቦይንግ 767 ወንበሮቹ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆነው ነው የተደረደሩት። በአንድ ረድፍ ካሉት ሰባት ወንበሮች ግራና ቀኙ በሰው የሚታጠር አንድ ብቻ ነው። ያንን አንዱን በገዛ አፌ ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲህ በዓመትም በሁለት ዓመትም እያልኩ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ለሰርግ ሄጃለሁ፣ ለጥምቀት ሄጃለሁ፣ ለልቅሶም ሄጃለሁ። ስለ ወንበር የተማርኩትን ልጻፈው፤ የኔን ስህተት ሌላው እንዳይደግመው።

1. ወንበር ከመምረጤ በፊት ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ቀስቅሼ «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» ማለት እችላለሁ ወይ?

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ልታርሰኝ መጣች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ቲኬቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ጨምሬ ከፍዬ መስኮት ጋ አስያዝኩላት። ደመናውን ከላይ ታየዋለች፣ ተመልሳ ለጎረቤት የምታወራው ታገኛለች ብዬ ነበር። ዋሽንግተን፣ ደለስ አየር ማረፊያ ላይ በዊልቸር እየተገፋች ወጣች። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው አንድም ሳይጎድል ደርሷል። ጫማዋን ግን የያዘችው በእጇ ነው። እግሯ አብጦ አልገባ ብሏታል። ቤት ገብተን ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው ሊጥ እንደተነካ ጎድጉዶ ቀረ።

«ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ምንም፤ በሰላም ነው የመጣሁት» አለች። የተናዘዘችው ማታ ነው። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ሊሞላ ካረፈበት ተነስቶ ዋሽንግተን እስኪደርስ ድረስ ሽንት ቤት አልሄደችም። ከጎኗ ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ ሁለቱም ተኝተዋል። «እንዴት ብዬ የሰው ልጅ ከእንቅልፉ ልቀስቅስ? ያውም ወንድ፣ ያውም የማላውቀው!» ሽንት እንዳይመጣባት ደግሞ ውሃ አልጠጣችም። አስተናጋጇ በመጣች ቁጥር «አመሰግናለሁ፣ በቃኝ» እያለች ሸኝታታለች።

መስኮቱንስ? «ኧረ እኔ! ነጠላዬን ተከናንቤ ስጸልይ ነው የመጣሁት። ሰማይን ከላይ ወደ ታች ማየት ድፍረት አይሆንም?»

ስትመለስ ኮሪደር ጋ አስያዝኩላት። አዲስ አበባ ገብታ ስትደውል ስሞታዋ ብዙ ነው፤ ያለፈው ሁሉ ገፍቷታል፤ አንዱ ቦርሳውን ሲያወርድ ማንገቻው ፊቷ ላይ አርፏል፤ ከጎኗ ያለችው ልጅ አሥር ጊዜ አስነስታታለች። «ጫማሽስ?» አልኳት። «ጫማዬ ደግሞ ምን ሆነ? እግሬ ላይ ነዋ!»

2. መስኮት ጋ የተቀመጠ ሐበሻ ውሃ አይጠጣም።

የእናቴን ነገር ለጓደኞቼ ሳወራ እየሳቁ ሁሉም የራሳቸውን አወጡ። አሥር ዓመት አሜሪካ የኖረ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ ጓደኛችን እንኳ ሽንቱን ስድስት ሰዓት ይዞ እንደመጣ አመነ። ይሉኝታችን ፓስፖርት ስንቀይር አብሮ አይቀየርም። ችግሩ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ደረቅ መሆኑ ነው። ከውጭ እየተሳበ የሚገባ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ እርጥበት የለውም ማለት ይቻላል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ዓይን ይቆረቁራል።

ከውሃው ይልቅ የሚያስፈራው መቀመጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስም በመኪናም ያው ነው። ለጤነኛ ሰው ዕድሉ ከመነሻው ትንሽ ስለሆነ እጥፉም ትንሽ ነው፤ እርጉዝ፣ አራስ፣ በቅርብ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ባይሄድ ጥሩ ነው። እኔ ራሴ ሁለተኛዋን አርግዤ ስሄድ ሐኪሟ የጠየቀችኝ ስለ ምግብም ስለ ሻንጣም አልነበረም፤ «የት ጋ ነው የምትቀመጪው?» ብላ ነው የጀመረችው። ኮሪደር ጋ ስላት በየሰዓቱ እንድነሳ ነገረችኝ። መስኮት ጋ ከሆኑና መቀስቀሱ ከከበደ፣ ተረከዝን መሬት አስነክቶ ጣቶችን ወደ ላይ፣ ከዚያ ጣቶችን አስነክቶ ተረከዝን ወደ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። እንደ ልብስ ስፌት ፔዳል ነው።

ከፍታውን ግን እኛ ባንፈራው ይሻላል። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊቱ የሚስተካከለው 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ እንደተቀመጥን ተደርጎ ነው። ይህ የባሕር ዳር ከፍታ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው አሥር አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ ሲወጣ ሳንባው የሚያውቀው ባሕር ዳር መውረዱን ነው። ይህንን በደስታ ለእናቴ ሳስረዳት አድምጣኝ ስታበቃ «ታዲያ እግሬ ለምን አበጠ?» አለችኝ።

3. ወደ አሜሪካ ኮሪደር፣ ወደ ቤት መስኮት።

ይህ የኔ ሕግ ነው፤ ምክንያት አለው። ከአዲስ አበባ የምንነሳው በሌሊት ነው፤ አውሮፕላኑም ወደ ምዕራብ ሲበር ሌሊቱን እየተከተለ ይሄዳል። ጨለማው አያልቅም። መስኮት ጋ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ክንፉ ጫፍ ላይ የምትብለጨለጨውን መብራት ነው። ከዚያ መንገድ ላይ ለነዳጅ ይታረፋል። ቦሌ ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጥራቸዋል፤ ነዳጅ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሰውም ሻንጣም ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ላይ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው። በዚያ እረፍት ብዙ ጊዜ አያስወርዱንም፤ ኮሪደር ጋ ያለው ተነስቶ ወገቡን ያፍታታል፣ መስኮት ጋ ያለው የማያውቀውን አገር የነዳጅ ቦቴ ያያል።

ወደ ቤት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ደለስ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ነዳጁ ይሞላል፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፤ ሳያርፍ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በሮ አዲስ አበባ ይገባል። አዲስ ነገርም አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1976 ዓ.ም. አዲሱን 767 ሲረከብ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ አብርሮታል፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዚያን ዘመን ክብረ ወሰን ነበር። ረፋድ ላይ ተነስተን ወደ ሌሊቱ ስለምንሮጥ ፀሐይ አትላንቲክ ላይ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ማለዳ ደግሞ አገር ቤት ልንገባ ስንል ትወጣለች። አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚሄድ የምትወጣው በግራ ነው። ስለዚህ ወደ ቤት ስሄድ ፊደል ኤ ካለበት ወንበር አልነቃነቅም።

ያንን ማለዳ አንዴ ያየ ሌላ ወንበር አይመርጥም። መጀመሪያ ቀጭን ቀይ መስመር ይመጣል፤ ከዚያ ተራሮቹ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ፤ ቀጥሎ ጠፍጣፋው አምባ፣ በማሳ የተሸነሸነው፣ አጥሩ ሁሉ ጠማማ የሆነው። አንዳንዴ የዓባይ ሸለቆ ጭጋግ ታቅፎ ይተኛል። ከዚያ የባሕር ዛፉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ ቆርቆሮው። ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትመታው የከተማው ጣሪያ ሁሉ ባንዴ ያበራል። አውሮፕላኑ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ካረፈ እንጦጦ በግራ ነው፤ ከወዲያ በኩል መጥቶ ካረፈ ግን ወደ ቀኝ ይሄድና አንገቴን አስግጌ በሰው ትከሻ ላይ ነው የማየው። ጎማው መሬት ሲነካ ከኋላ በኩል አንዷ እልል ትላለች። ሁልጊዜ አንዷ አትጠፋም።

4. መስኮቱም የራስ አይደለም።

በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያው ድሪምላይነር አገራችን ሲገባ ሁላችንም ስለ መስኮቱ ትልቀት ነበር የምናወራው። እውነት ነው፣ ትልቅ ነው። መጋረጃ ግን የለውም። ከሥሩ ባለች ቁልፍ ነው መስታወቱ የሚጠቁረው፤ ሲጠቁርም ቀስ እያለ ነው፣ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ ድቅድቅ። አስተናጋጆቹ ከፈለጉ ሁሉንም ባንዴ አጥቁረው ይቆልፉታል። ውጭ እኩለ ቀን ሆኖ እኛ ጨለማ ውስጥ እንቀመጣለን፤ ቁልፏን ብጫናት ምንም። ፀሐይዋ በሰማያዊ ጠርሙስ ውስጥ እንዳለች ሳንቲም ትታያለች። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሕፃን ይዤ ስሄድ ደግሞ ያ ጨለማ ስንት ዋጋ እንዳለው ገባኝ።

5. መስኮት የሌለው የመስኮት ወንበር አለ። በአንድ አየር መንገድ፣ ስሙ ይቆይ፣ ለመስኮት ብዬ ተጨማሪ ከፍዬ ብገባ ከጎኔ ያለው ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ውስጥ የአየር ቱቦ ያልፋልና መስኮት የማይቀደድባቸው ረድፎች አሉ። ክንፍ ላይ የሆነው ረድፍም እንደዚሁ ነው፤ ከታች የሚታየው ክንፍ ብቻ ነው። (ንውጥውጡ ግን እዚያ ይቀንሳል፤ የሚፈራ ሰው ክንፉ ጋ ይቀመጥ።) ከመክፈሌ በፊት አሁን የአውሮፕላኑን የወንበር ካርታ አያለሁ።

6. ኮሪደርም ነፃ አይደለም።

ክርን ከውጭ ከዋለ በጋሪ ይመታል። ጉልበት ከወጣ ይመታል። እንቅልፍ ገና ሲመጣ ከመሃል ያለው «ይቅርታ» ይላል፤ ተመልሶ ሲገባ ደግሞ አንዴ። የኛ ሰው ከላይ የሚያስቀምጠው ዕቃ ደግሞ እንደሌላው አይደለም፤ ኮዳ የሚያህል የማር ጠርሙስ ከላይኛው ዕቃ ማስቀመጫ ሲንሸራተት አይቼ አውቃለሁ፤ ኮሪደር ጋ ያለው ሰውዬ በመዳፉ ቀለበው፣ ተጨበጨበለት።

አንድ ነገር ግን ልንገር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በኮሪደሩ በኩል ያለው የክንድ ማሳረፊያ አልነሳ ብሎ የተቆለፈ ይመስላል። ብዙ አውሮፕላኖች ላይ ግን ከሥሩ፣ ወደ ኋላ ወንበሩ ጋ ከሚገናኝበት ማጠፊያ አጠገብ፣ ለጣት የምትሆን ትንሽ ስርጉድ ወይም ቁልፍ አለች። እሷን ጫን አድርጎ ማሳረፊያውን ወደ ላይ ሲስቡት ይነሳል። ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ሕፃን ያቀፈች እናት በዚያ በኩል በቀላሉ ይወጣሉ። እኔ ይህንን ያወቅሁት ስንት ዓመት ከተንገላታሁ በኋላ፣ የዊልቸር ተሳፋሪ ሲያስቀምጡ አይቼ ነው።

7. ለሰው ወንበር ስለ መልቀቅ።

«እኅቴ፣ ትቀይሪኛለሽ? ባለቤቴ ወዲያ ማዶ ነች።» ይህን ያልሰማ መንገደኛ የለም። ድሮ ሁሉንም እሺ እል ነበር፤ አንዴ እሺ ብዬ ተነስቼ የሰውየው ወንበር የት ነው ብል ከመጨረሻው ረድፍ፣ መሃል፣ ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ጋር። አሁን መልሴ ጥያቄ ነው፤ «የርስዎ የት ጋ ነው?» ኮሪደር በኮሪደር ከሆነ ወዲያው እነሳለሁ። መሃል ከሆነ «ይቅርታ» እላለሁ። ይህችን አንዲት ቃል ለማለት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ያውም እያላበኝ።

ሁለት ሰዎችን ግን ምንም ሳልጠይቅ አስቀድማለሁ። አንደኛው የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የአይ.ኦ.ኤም. ጽሑፍ ያለበትን ነጭ ፕላስቲክ ቦርሳ ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚመጣው ስደተኛ ነው። ወረቀቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሲተኛም አይለቀውም። ከነዚህ አንዱ መሃል ተቀምጦ ባየሁ ጊዜ የ2000 ዓ.ም. ራሴን አየዋለሁ። ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር፣ የሽንት ቤቱ በር መሃሉን ሲገፉት እንደሚታጠፍ፣ ምግቡ ሂሳብ እንደማይጠየቅበት ቀስ ብዬ አሳያለሁ።

ሁለተኛው ለልቅሶ የሚሄድ ሰው ነው። አባቴ ያረፈ ጊዜ መርዶውን የሰማሁት ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ ረቡዕ ደለስ ነበርኩ። ቦታ ተገኘ ሲሉኝ የት ጋ እንደሆነ ለማየት እንኳ ዓይኔ አልሠራም። መሃል ነበር። ግራ ቀኜ ወንዶች ናቸው። ጥቁር ሻሼን ወደ ፊት ስቤ እንባዬን ልውጥ እታገላለሁ፤ ሰው መሃል ተቀምጦ ማልቀስ እንዴት ከባድ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ በየትም ብዞር ሰው ነው። መስኮት ጋ የነበሩት ሰውዬ ምንም አልጠየቁኝም። ቀበቶአቸውን ፈቱና ተነሱ፤ በእጃቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱኝ። አልፌ ገባሁ። «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ያንን ጉዞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጨረስኩት። መስኮቱን አልከፈትኩትም።

8. የቀረውን ባጭሩ።

በቀኝ ጎኑ የሚተኛ ሰው በቀኝ በኩል ያለውን መስኮት ይያዝ፤ በግራ የሚተኛ በግራ። አንገቴ ሦስት ቀን ተጣሞ ነው የተማርኩት። ግድግዳው ይበርዳል፤ ጋቢ የያዘ አይቆጭም። ከጋሪው በፊት ልዩ ምግብ ያዘዙ ሰዎች ይስተናገዳሉ፤ ጾመኛ አስቀድሞ ያስመዝግብ። ጨዋታ የሚወድ ሰው ወደ ኋላ፣ ኮሪደር ጋ ይቀመጥ፤ ከምግብ በኋላ ሐበሻው ሁሉ የኋላ ኪችኑ ጋ ቆሞ ዘመድ ሲቆጥር ያመሻል። የባለቤቴን የአክስት ልጅ ያገኘነው እዚያ ነው። ለመውረድ ብሎ ኮሪደር መያዝ ደግሞ ከንቱ ነው፤ ቀድሞ የወጣውም ኋላ የወጣውም ሁለት ሁለት ሻንጣውን እየጠበቀ አንድ ቦታ ይገናኛል።

የዘንድሮውን ቲኬት ባለፈው ሳምንት ቆረጥኩ። ለገና ወደ አገር ቤት ሄደን ስንመለስ እናቴን ይዘናት እንመጣለን። መቼም ኮሪደር ነው የምትፈልገው ብዬ ላስይዝላት ስል፣ ለማንኛውም ልጠይቃት ብዬ ደወልኩ።

«መስኮት ጋ አድርጊኝ» አለች።

«እማዬ፣ ሽንት ቤቱስ? ደግሞ ልትይዥው ነው?»

«ምን እይዛለሁ? አንቺ ካጠገቤ አይደለሽ እንዴ! አንቺን ለመቀስቀስ ምን ይሉኝታ አለኝ?»

ሌሊት ነው፣ ምንም አይታይም፣ ልላት ነበር፤ ተውኩት። ትንሿ ልጄ ኮሪደሩ የኔ ነው ብላለች። ካርታው ላይ የቀረኝን ወንበር ነካሁትና ከፈልኩ።